ዜና ዕረፍት፦ ክቡር ኢማጂን ሶፍትዌር ዘሊቨርፑል

የተከበራችሁ የሟች ወዳጅ ዘመዶች፣ የተከበራችሁ አበዳሪዎች፣ እንዲሁም ከሬሳው ጋር ሒሳባችሁም አብሮ እንዳይቀበር ደረሰኝ ይዛችሁ የመጣችሁ የመጽሔት ማስታወቂያ ክፍል ኃላፊዎች፤ እባካችሁ ድንኳኑ ውስጥ ጸጥታ ይሁንልን። የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። በወጉ በዚህ ሰዓት የሚነበበው የሟች መልካም መልካሙ ብቻ ነው። የእኚህን ሟች መልካም መልካሙን ግን ራሳቸው በሕይወት ሳሉ፣ በባለቀለም ሙሉ ገጽ፣ ከፍለው፣ ይቅርታ፣ ሳይከፍሉ ስላሳተሙት፣ ለእኔ የተረፈኝ ሌላው ነው።

ክቡር ኢማጂን ሶፍትዌር ከአቶ ማርክ በትለርና ከአቶ ዴቪድ ላውሰን አብራክ ተከፍለው በ1982 በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ተወለዱ። (ዓመታቱን ሁሉ በሟች አገር አቆጣጠር ነው የማነበው።) አባቶቻቸው ሁለቱም በግ ባይት ከሚባል የዚያው ከተማ የጨዋታ አሳታሚ ቤት የወጡ ወጣቶች ነበሩ። ሟች ያረፉት ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ነው። በዚህ ዕድሜ የተቀጨ ሕፃን አንቱ እየተባለ ሲቀበር አይታይም፤ ሟች ግን ከተወለዱባት ቀን ጀምሮ ለራሳቸው ይሰጡት የነበረው ክብር ከዚህ ያነሰ ስላልነበረ ቤተሰቡ አደራ ብሎኛል።

የተወለዱባት ከተማ በዚያን ጊዜ ደህና አልነበረችም። ወደቧ ቀዝቅዟል፣ ፋብሪካ ይዘጋል፣ ወጣቱ ሥራ ፈትቷል፤ ከዓመት በፊት በ1981 በቶክስቴት ሰፈር ከፖሊስ ጋር የተደረገው ግጭት ቃጠሎው ገና ከሰው ዓይን አልጠፋም። እንዲህ ባለች ከተማ መኝታ ቤቱ ተቀምጦ ኮምፒውተር የሚነካካ ጎረምሳ ሀብታም ይሆናል የሚል ወሬ ሲመጣ፣ ጋዜጠኛው እውነት መሆኑን ከማጣራቱ በፊት እውነት እንዲሆን ቢመኝ አይፈረድበትም። ሟችም ይህን ምኞት አላሳፈሩትም። ዩጂን ኢቫንስ የሚባለው ፕሮግራመራቸው ገና ጎረምሳ ሳለ በዓመት 35,000 ፓውንድ ያገኛል ተብሎ ተጻፈ። ለጋዜጣ ርዕስ ከዚህ የተመቸ ቁጥር አይገኝም።

የሟችን ሙያ ለመረዳት ግን መጀመሪያ ዕቃውን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1982 በኤፕሪል ወር ክላይቭ ሲንክሌር ዜድ ኤክስ ስፔክትረም የተባለች፣ የላስቲክ ቁልፎች ያሏት ትንሽ ጥቁር ኮምፒውተር አወጡ። ባለ 16 ኪሎባይቷ 125 ፓውንድ ነበረች። የራሷ ስክሪን የላትም፤ ከቤቱ ቴሌቪዥን ጋር ትያያዛለች፤ በቴሌቪዥኑ የተነሳ ስንት ቤት ጠብ እንደገባ እግዜር ይወቀው። ጨዋታው የሚመጣው በተራ የሙዚቃ ካሴት ነው። ካሴቱ ቴፕ ውስጥ ይገባል፤ ልጁ ‹ጄ›ን ሲነካ ‹ሎድ› የሚለው ትእዛዝ ከነሙሉ ፊደሉ ስክሪኑ ላይ ይጻፋል፤ ቴፑ ይለቀቃል። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። የቴሌቪዥኑ ጠርዝ መጀመሪያ በቀይና በውሃ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ በደማቅ ሰማያዊና በቢጫ መስመሮች ይንቀጠቀጣል። ድምፁ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው። ለባለ 48 ኪሎባይት ጨዋታ አምስት ደቂቃ ገደማ እንዲህ ይቀጥላል፤ መጨረሻው ላይ ቴፑ አንዲት ምልክት ከሳተ የስህተት መልእክት በአንድ መስመር ብቅ ይልና ካሴቱ ተጠንጥኖ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል።

እንግዲህ በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ልጁ ምን ያደርጋል? የካሴቱን ሽፋን ያያል። ሽፋኑ ላይ የጠፈር መርከብ በእሳት ነበልባል መሐል ሲፈነዳ ተሥሏል። ካሴቱ ሲያበቃ ስክሪኑ ላይ የምትመጣው መርከብ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ባለ አንድ ቀለም ነገር ናት። በሥዕሉና በጥፍሯ መካከል ያለውን ርቀት የሚሞላው ልጁ ራሱ ነው። የዘመኑ አሳታሚዎች ሁሉ በዚህ ርቀት ውስጥ ይነግዱ ነበር። የክቡር ሟች ልዩ ተሰጥኦ ዋናው ዕቃ ካሴቱ ሳይሆን ጥበቃው መሆኑን ከሁሉም ቀድመው መረዳታቸው ነው።

ይህን ስል ምንም አልሠሩም ማለቴ አይደለም፤ ሙት ወቃሽ አይደለሁም። የበኩር ጨዋታቸው አርኬዲያ በዚያው በ1982 ወጣ፤ የጻፉት አባታቸው አቶ ላውሰን ናቸው፤ 16 ኪሎባይት ውስጥ የገባ የተኩስ ጨዋታ ሲሆን በገናው ገበያ በጣም ተሸጠ። ፈጣን ነው፣ እንቅስቃሴው ለስላሳ ነው፣ ከዚያ በላይ ብዙ የሚባልለት የለም። ‹ሞላር ሞል› በጥርስ ብሩሽና በጥርስ ሳሙና ከባክቴሪያ ጋር የሚያዋጋ ነበር። ‹አ ዲደምስ› የሚባለው ደግሞ የሚያለቅስ ሕፃን ለማባበል ከመጫወቻ ሣጥን የሚወጣ የድብ አሻንጉሊት ታሪክ ነው። እኔ በግሌ የማዝንለት ‹ጃምፒንግ ጃክ› ነው። አንድ ቀጭን ሰውዬ በየወለሉ በሚሮጡ ቀዳዳዎች እየዘለለ ሽቅብ ይወጣል፤ አንዱን ደረጃ ሲጨርስ ሁለት ስንኝ ግጥም ይሸለማል። የግጥሙን መጨረሻ ለማንበብ ሲል ከምሽት እራት የቀረ ልጅ ቢኖር አልደነቅም።

‹ስቶንከርስ› ግን ለብቻው ይነሳ። በ1983 ጆን ጊብሰን የጻፉት የጦርነት ጨዋታ ነው፤ ታንኩ፣ እግረኛው፣ መድፈኛው፣ ስንቅ አመላላሹ ሁሉም ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። ዛሬ ስንት ሰው እንቅልፍ የሚያጣባቸው የስትራቴጂ ጨዋታዎች አያቶች ሲቆጠሩ ስሙ ይጠራል። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ጦርነቱ መሐል ላይ ኮምፒውተሩ በድን ይሆናል። አሸናፊም ተሸናፊም ሳይለይ፣ ሁሉም ባለበት ደርቆ ይቀራል። ከታሪክ ጦርነቶች ጥቂቶቹ እንዲህ ቢያልቁ ኖሮ ስንት ሰው በተረፈ፤ ለካሴቱ 5 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም የከፈለ ልጅ ግን እንዲህ አያስብም።

ወደ ገናው ልምጣ። በ1983 መጨረሻ ሟች አንድ ብልሃት መጣላቸው። ጨዋታ የሚሸጠው በካሴት ነው፤ ካሴት የሚባዛው በማባዣ ቤት ነው፤ እንግዲህ ከትላልቆቹ የአንዱን ማባዣ የገና ሰሞን ጊዜ ጠቅልለው ቢይዙት ተቀናቃኝ ሁሉ ባዶ እጁን ይቀራል። ያዙትም። ተቀናቃኞቹ ሌላ ማባዣ አላጡም፤ ሟች ግን ያስባዙትን ካሴት የሚገዛ አጡ። ገናው አለፈ፣ መጋዘኑ ሞላ። እንዲህ ያለው ካሴት የልጅ መኝታ ቤት ሳይሆን የቅናሽ መደርደሪያ ነው መድረሻው። እዚህ ላይ ንፉግ ላለመሆን አንድ ነገር ልበል፤ ሌላውን ለማስራብ እህሉን ሁሉ ገዝቶ ራሱ በነቀዝ የተበላ ነጋዴ በሊቨርፑል የመጀመሪያው አይደለም።

በዚህ ሁሉ መሐል ማስታወቂያው አልቀነሰም። የማስታወቂያውና የዝናው ነገር በአቶ ብሩስ ኤቨሪስ እጅ ነበር፤ እሳቸውም ከዚያ በፊት ማይክሮዲጂታል የሚባል የኮምፒውተር ሱቅ በዚያችው ከተማ የከፈቱ፣ ከብሪታንያ የመጀመሪያዎቹ ባለሱቆች አንዱ ናቸው። የስፖርት መኪኖች ቆመው ይታዩ ነበር። በስማቸው የሚወዳደር የሞተር ብስክሌት ቡድን ነበር። መጋዘኑን የሚያይ ግን አልነበረም።

ከዚያም ሟች ‹ሜጋ ጌም› ያሏቸው ግዙፍ ጨዋታዎች መጡ፤ ‹መጡ› እንኳ አይባልም። ሁለት ናቸው፤ ባንደርስናችና ሳይክላፕስ። የቤት ኮምፒውተሮች አቅም ስለማይበቃቸው ከኋላ የሚሰካ ተጨማሪ መሣሪያ ከካሴቱ ጋር ይሸጣል፤ ዋጋው ወደ 40 ፓውንድ ይሆናል፤ መሣሪያው ያልተሰካበት ኮምፒውተር ስለማያጫውተው ኮርጆ ማባዛትም ያበቃለታል ተባለ። በመጽሔቶቹ ላይ የጨዋታው ስም ታተመ፣ የፕሮግራመሮቹ ፊት ታተመ። ጨዋታው ብቻ ቀረ። ባንደርስናች ተጀምሯል፤ ሳይክላፕስ ግን ከወረቀት ብዙም አላለፈም ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት በመጽሔት ገጽ በቀለም ሲታተም ይህን ይመስላል። የሟችን ሙያ ካሰብነው ግን ይህ የሥራቸው ጥራት ጫፍ ነው። እስከዚያ ድረስ ጥበቃውን ከካሴት ጋር ይሸጡ ነበር፤ አሁን ካሴቱን አስቀርተው ጥበቃውን ለብቻው አወጡት።

ሕመማቸው ምን ነበር? ድንኳኑ ጥግ ያሉት ሲንሾካሾኩ እሰማለሁ። ‹የካሴት ሌቦች ናቸው የገደሏቸው› የሚል አለ። እውነት ነው፣ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ባለበት ቤት ሁሉ አንዱ ልጅ የገዛውን የክፍሉ ልጆች ይካፈሉት ነበር። ግን እነዚያው ልጆች የሌሎቹንም አሳታሚዎች ካሴት ያባዙ ነበር፤ ሌሎቹ ደግሞ ለቀስተኛ ሆነው እዚህ ቆመዋል። ‹ማርሻል ካቨንዲሽ ከሚባለው አሳታሚ ጋር የነበራቸው ትልቅ ውል ስለፈረሰ ነው› የሚሉም አሉ፤ ይህ አጥንት ይሰብራል፣ አልክድም። የሞት ወረቀታቸው ላይ የሰፈረው ግን ሌላ ነው። ቪ ኤን ዩ የሚባለው የመጽሔት አሳታሚ ላወጣላቸው ማስታወቂያ 10,000 ፓውንድ ይፈልግባቸው ነበር፤ አልተከፈለም፤ ሐምሌ ገባ፤ ጁላይ 9 ቀን 1984 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድርጅቱ እንዲፈርስ ወሰነ። አጠቃላይ ዕዳቸው በመቶ ሺዎች ፓውንድ ይቆጠር ነበር፤ ነፍሳቸውን ያወጣችው ግን የማስታወቂያዋ ሒሳብ ናት። በማስታወቂያ ኖረው በማስታወቂያ ሞቱ፤ ከዚህ በላይ ለሙያ ታማኝነት ከየት ይመጣል?

አሟሟታቸውም ያለ ተመልካች አልሆነም። ቢቢሲ ኮሜርሻል ብሬክስ ለሚባል ተከታታይ ዝግጅቱ የጨዋታ ኢንዱስትሪውን ዕድገት ሊቀርጽ ካሜራውን ይዞ ቢሯቸው ገብቶ ነበር። ሠርግ ሊቀርጽ የተጠራ ካሜራ ቀብር ቀርጾ ተመለሰ። የፍርድ አስፈጻሚዎቹ ሲመጡ ካሜራው እዚያው ነበር፤ ፊልሙም በዚያው ዓመት ዲሴምበር 13 ለመላው ብሪታንያ ታየ። አብሮ የተቀረጸው የማንቸስተሩ ኦሽን ሶፍትዌር በዚያው ሰሞን ሥራው ላይ ነበር።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሟች ስም ግን ከመቃብር በላይ ብዙም አልዋለ፣ ኦሽን ገዛው። ለዓመታት ከጃፓን የመጫወቻ አዳራሽ ማሽኖች የተቀዱ ጨዋታዎችን፣ ግሪን ቤሬን የመሰሉትን፣ በሟች ስም አሳተመ። የጎረቤት ልጅ የሟችን ኮት ለብሶ ሲዞር ማየት ለቤተሰብ ከባድ ነው፤ ኮቱ ግን በእሱ ላይ አምሮ ነበር፣ እውነቱን እንነጋገር።

ቤተሰባቸውም አልተበተነም። ከፊሎቹ ዴንተን ዲዛይንስን አቋቋሙ፤ ‹ዘ ግሬት ኤስኬፕ› የእነሱ ነው። ሌሎቹ፣ አቶ ላውሰንና የሟች የገንዘብ ኃላፊ የነበሩት አቶ ኢያን ሄዘሪንግተን ያሉበት ወገን፣ ሲግኖሲስን መሠረቱ። ከባንደርስናች ፍርስራሽ ብራታካስ የሚባል ጨዋታ ሠርተው አወጡ፤ ሜጋ ነው ያለው ግን የለም። በ1991 ሌሚንግስን አሳተሙ፤ በ1993 ሶኒ ጠቀለላቸው፤ በ1995 ዋይፕአውትን ለፕሌይስቴሽን አወጡ። የሊቨርፑሉን ቤት ሶኒ የዘጋው በ2012 ኦገስት ነው። እነዚህ ወራሾች ለማንም ሳይፎክሩ ሃያ ስምንት ዓመት ቆዩ፤ ሟችን አለመምሰላቸውን ለማሳየት ይህ ይበቃል።

ወደ ንፍሮው ከመሄዳችን በፊት አንድ ማስታወቂያ አለ፤ ሟችም ቢሆኑ ያለ ማስታወቂያ አንሸኛቸውም። በ2018 ኔትፍሊክስ ባንደርስናች የሚል ፊልም አወጣ። ታሪኩ የሚጀምረው ጁላይ 9 ቀን 1984 ሲሆን አንድ ወጣት ፕሮግራመር ባንደርስናች የሚባል ጨዋታ ለመጨረስ ሲቃትት ያሳያል። በዚያው ፊልም ውስጥ ኖዝዳይቭ የሚባል ሌላ የፈጠራ ጨዋታ አለ። ኖዝዳይቭ ለስፔክትረም በእውነት ተሠርቶ ተለቀቀ፤ ዛሬም መጫወት ይቻላል። የፊልም ደራሲ ከምናቡ የፈጠረው ጨዋታ ወጥቷል። በሙሉ ገጽ ማስታወቂያ የተነገረለትን የሟችን ባንደርስናች የምትጠብቁ ወገኖች ግን ካላችሁ፣ እዚያ ድንኳኑ ጥግ ከቪ ኤን ዩ ሰዎች ጎን ወንበር ተይዞላችኋል።