ስለ ፖርቶመጋላ ዝውውር የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

የመኪናችን ጣሪያ የሰረጎደብን እኛ፣ የአምበርና የአካባቢዋ ባለመኪኖች፤

አሮጌው ባለአሸንዳ ኮሮላ ጡረታ ሲወጣ ጣሪያው ላይ ዕቃ የሚጫንበት ፖርቶመጋላ ግን ሥልጣን አልለቅም ብሎ በአዲሱ መኪና ላይ ለመሾም የሚያመለክት በመሆኑ፤

አህያ ጭነት ሲበዛባት መንገድ ላይ የመተኛት ጥንታዊ መብት ሲኖራት፣ ለመኪና ጣሪያ ይህ መብት ያልተሰጠው በመሆኑ፤

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ጣሪያቸው መስታወት የሆነ የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ስለመጡ፣ በመስታወት ላይ ጤፍ ለመጫን የሚያስቡትን በጊዜ መገሠጽ በማስፈለጉ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የፖርቶመጋላ ዝውውር አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ረዳቶች «ዝም ብለህ ጫን» እያሉ ሊጠቅሱት አይችሉም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ
የቃሉ አግባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፦
ሀ/ «ትንሽ ዕቃ» ማለት አዲስ አበባ ላለ ልጅ የሚላክ፣ እናት «ምንም አይል» የምትለው፣ ሁለት ጎረምሳ ተጋግዞ የሚያወጣው ጆንያ ነው፤
ለ/ «ይችላል» ማለት ማንም አልመዘነውም ማለት ነው።

አንቀጽ 3፦ የዝውውር ሥርዓት
1/ አሸንዳ ነክሶ ይቆም የነበረ የፖርቶመጋላ እግር አሸንዳ በሌለው ጣሪያ ላይ የሚነክሰው የለውም። ጣሪያውን በስቶ ቡሎን ማስገባት ዝውውር ሳይሆን ወረራ ነው፤ ሐምሌ ሲገባ ተሳፋሪው እርጥብ ሆኖ ይመሰክራል። ለመኪናው ዓይነት የተሠራ እግር ይፈለግ፤ ካልተገኘ ፖርቶመጋላው በክብር ይሰናበት።
2/ በያጁ «እኔ አስተካክለዋለሁ» ቢልም የጣሪያው ወርድ በሜትር እንጂ በዓይን አይለካም።
3/ አራቱ እግሮች ተራ በተራ፣ እኩል ይጠብቃሉ። አዲስ የታሰረ ቡሎን ጥቂት ከተሄደ በኋላ ስለሚላላ፣ ከአምበር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄድ እዚያው እንደደረሰ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ደጀን ላይ ቆሞ እንደገና ያጥብቅ። ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ የወደቀ ዳዶ የሚፈልግ ወንዙን ይጠይቅ።

አንቀጽ 4፦ ስለ ክብደት
1/ አምራቾች በአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ጣሪያ ላይ እንዲጫን የሚፈቅዱት ከ50 እስከ 100 ኪሎ ነው፤ የፖርቶመጋላው የራሱ ክብደትም ከዚሁ ላይ ይቀነሳል።
2/ አንድ ኩንታል ጤፍ 100 ኪሎ ነው። የቀረውን ሒሳብ ገበሬውም ነጋዴውም ያውቀዋል።
3/ «ብረቱ ወፍራም ነው» የሚል መከራከሪያ ተቀባይነት የለውም። ብረቱ በወፈረ ቁጥር ለጭነቱ የሚተርፈው ኪሎ ያንሳል፤ ተሸካሚው ጣሪያው ነውና።

አንቀጽ 5፦ የተከለከሉ ድርጊቶች
ሀ/ አናቱ የከበደ መኪና ኩርባ ላይ እንደሚያዘነብል እያወቁ ጆንያ በጆንያ ላይ መደራረብ፤
ለ/ ባዶ ፖርቶመጋላ ለጌጥ ተሸክሞ መዞር፤ ነፋስ እየገፋ ነዳጅ ወይም ባትሪ ይበላልና፤
ሐ/ ሰው መጫን፤ ሰውየው ራሱ ቢለምንም።

አንቀጽ 6፦ ቅጣት
ከልክ በላይ ጭኖ የተገኘ ትርፉን አውርዶ በገዛ ትከሻው ከአምበር እስከ ሉማሜ ይሸከማል። «ይችላል» እያለ ያበረታታው ረዳት ከኋላ ይከተለዋል።

አንቀጽ 7፦ የተሻሩ ልማዶች
«ባለፈው ዓመት ሦስት ኩንታል ጭኜበት ምን ሆነ?» የሚል ማናቸውም ልማድ፣ አፈ ታሪክና የመናኸሪያ ጉራ በዚህ አዋጅ ተሽሯል።

አንቀጽ 8፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ ከዛሬ ጀምሮ የጸና ይሆናል። ስለዚህ አንተ ባለመኪና፣ ጆንያ አስይዘው ለመጡት እትዬ «እሺ» ከማለትህ በፊት የመኪናህን መመሪያ መጽሐፍ ግለጥ፤ ጣሪያው ስንት ኪሎ እንደተፈቀደለት አንብብ፤ ከዚያ የበለጠውን ለአይሱዙ ስጥ።