አውሮፕላን ሳይኖረኝ ነዳጅ አዛወርኩ

በከተማዬ በኖፓ «አውሮፕላን እሠራለሁ» ያለ ሰው ከእኔ ሌላ አላውቅም፤ ያልሠራውም እኔው ነኝ። አስመላሽ ዘፈሩ ከየቦታው በለቀመው ዕቃና በአሮጌ የቮልስዋገን ሞተር የሠራትን አውሮፕላን በእናቱ በኪሮስ ስም መነሻ ፊደል «ኬ-570ኤ» ብሎ ሰይሞ በ2007 ዓ.ም. ወሬው ሲናኝ፣ «እሱ ከቻለ እኔን ምን ይሳነኛል» አልኩ። የሰው ዝና እንጂ የሰው ልፋት አይታየኝም።

እሱ ክንፍና ሞተር ላይ ሲለፋ፣ እኔ የጀመርኩት ነዳጅን ከአንዱ ታንከር ወደ ሌላው በራሱ ከሚያዛውር መሣሪያ ነው። ክንፍ ላብ ይጠይቃል፤ ይኼ ግን ቡና እየጠጡም ይነደፋል። ዋናው ታንከር ሲጎድል ታችኛው ተንሳፋፊ ፓምፑን ያስነሳል፣ ሲሞላ ላይኛው ያጠፋል፣ አብራሪው (ማለትም እኔ) ደመና ያያል።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ሰበቡ ሞተር ሳይክሌ ናት። ነዳጅ ሊያልቅ ሲል መክፈቻዋ ወደ ሪዘርቭ ይዞራል፤ ታንከሩ ሲሞላ መመለስ አለበት። እኔ አልመልሰውም። ስለዚህ በመቱ መንገድ ላይ ስገፋት ያላየኝ ጥቂት ነው። «ጋሼ፣ ዛሬም ሪዘርቭ ላይ ነበሩ?» ይሉኛል ባለባጃጆቹ። «ካንዴላዋ ነው» እላለሁ። አንድ ታንከር ያሸነፈው ሰው ሁለት አማረው።

አሜሪካዊው ዘፋኝ ጆን ዴንቨር በጥቅምት 1990 ዓ.ም. የሞተባት ሎንግ-ኢዚ አውሮፕላን በግለሰብ እጅ የተሠራች ነበረች፤ ሠሪዋ የታንከር መቀያየሪያውን ከአብራሪው ግራ ትከሻ ኋላ አድርጎት ነበር። ይህን ሳነብ ከሐዘኔ ፉከራዬ ቀደመ፦ «እኔ ብሆን በራሱ ይቀያየር ነበር!» የኤር ትራንዛት አየር መንገድ አውሮፕላን ታሪክ ግን አፌን አስያዘኝ። በነሐሴ 1993 ዓ.ም. አትላንቲክ ላይ በአንድ በኩል ነዳጅ ሲያፈስ፣ አብራሪዎቹ የጎደለውን ለማመጣጠን ከደህናው ክንፍ ወደሚያፈሰው አሻገሩ። ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ፤ ደግነቱ ያለ ሞተር ተንሸራተው አዞረስ ደሴቶች ላይ አረፉና 306ቱም ሰዎች ተረፉ። የሠለጠነ ሰው እንዲህ ከተሳሳተ፣ የእኔ ተንሳፋፊ የተቃጠለውን ከፈሰሰው በምን ይለያል?

መልስ ሳላገኝ ሞከርኩት፤ በውሃ፣ በሁለት ጀሪካን። ላይኛው ተንሳፋፊ ተጣበቀ። ፓምፑ አልቆም ብሎ ውሃው በመተንፈሻው እየገነፈለ ባለቤቴ ያሰጣችውን ቡና አጥለቀለቀው። አየር ላይ ቢሆን መጠባበቂያዬን በገዛ ፓምፔ ወደ ውጭ እየደፋሁ ነበር። እኔም በብልሃቴ የሁለቱንም ጀሪካን መተንፈሻ ደፈንኩ። ፓምፑ ሲስብ የሚተካው አየር የለምና የመጋቢው ጀሪካን ጎን ወደ ውስጥ ተጨራመተ፤ ፓምፑም ተቃጠለ። ባለቤቴ ቡናውን እየለቀመች ነበር፤ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ ይሻል ነበር።

የተቃጠለውን ፓምፕ ይዤ መቱ ላለ መካኒክ ወሰድኩት።

«ጋሼ፣ ተንሳፋፊው ቢጣበቅም ፓምፑ በደቂቃ ተቆጥሮ ይቁም። ሲሠራ የሚበራ መብራት ይግባለት። ደግሞ ጌጁን እርስዎ ይዩ እንጂ።»

ጌጅ ላለማየት አልነበር ይኼ ሁሉ ድካም!

«ለመሆኑ አውሮፕላኑ የት ነው ያለው?» አለኝ ፓምፑን እየጠገነ።

«እየመጣ ነው» ብዬ፣ ሒሳቡን ስበር እንደምከፍል ነግሬው ልወጣ ስል የሞተሬን ቁልፍ ተቀበለኝ።