ጳጉሜን ስድስት በእንፍራንዝ

አርባ ሁለት ገጽ ጽፌ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመመጻደቅ ሳይሆን ኋላ የሚመጣው ውርደት በልኩ እንዲታይልኝ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ያኔ ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት ትንሽ የሶፍትዌር ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። እንፍራንዝ አካባቢ ላለ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ሲስተም ሠርተናል፤ አባል ይመዘግባል፣ ቁጠባ ይቀበላል፣ ወለድ ያሰላል። አለቃችን ሪሊዙ፣ ማለትም ሲስተሙ ለተጠቃሚ የሚለቀቀው፣ ለመስከረም 1 ይድረስ አለ። «ለእንቁጣጣሽ!» ሲል ፊቱ ይበራል፤ ሶፍትዌር እንደ ዶሮ ለበዓል የሚደርስ ይመስለዋል። ቴስት ፕላኑን የመጻፍ ዕጣ ለእኔ ወጣ።

ላልገጠማችሁ፣ ቴስት ፕላን ማለት ሶፍትዌሩ ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት ምኑ፣ በማን፣ መቼና እንዴት እንደሚፈተን፣ ምን ዓይነት ስሕተት ቢገኝ ሪሊዙ እንደሚቆም አስቀድሞ የሚቆረጥበት ሰነድ ነው። ፈረንጆቹ በ1983 እ.ኤ.አ. 829 የሚል ቁጥር ሰጥተው ደረጃ አውጥተውለታል። እኔም ምዕራፎቹን ከዚያ ቀዳሁ። ከምዕራፎቹ አንዱ «የማይፈተኑ» ይላል። ሁሉን መፈተን ስለማይቻል የምትተወውን ከነምክንያቱ ጻፍ ነው ነገሩ። እዚያ ስደርስ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። ሦስት መስመር ጽፌ ተገላገልኩ። ሦስተኛዋ «የቀን መቁጠሪያው፦ ከቀድሞ ሥራችን የተወሰደና በደንብ የሚሠራ በመሆኑ አይፈተንም» ትላለች።

በሌላው በሌላው ግን ማን ይችለኛል! የስም ፍለጋው ላይ ብቻ አራት ገጽ አለ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ውሰዱ። ሁለቱን ጸ-ዎችና የ«ሀ»ን ስድስት መልክ እያቀያየሩ ቢጽፉት 12 ዓይነት አጻጻፍ ይወጣዋል፤ ጸሓፊዋ በአንዱ መዝግባ በሌላው ብትፈልግ አባሏ ከነቁጠባዋ ጠፋች ማለት ነው። አሥራ ሁለቱንም ፈተንኩ። የሰዓቱንም ደርሼበታለሁ፤ ብድር እንዲከፈል የሚያስታውሰው መልእክት «3 ሰዓት» ሲባል በፈረንጅ ሰዓት ገብቶት ገበሬውን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊቀሰቅሰው ነበር። እነዚህን ካገኘሁ በኋላ ኩራቴ በኮሪደር አላሳልፍ አለኝ።

የመጨረሻው ሙከራ በማኅበሩ ቢሮ፣ በማኅበሩ ሠራተኞች እጅ እንዲሆን ዕቅዱ ላይ ቀን ቆርጬ ነበር። ጳጉሜን 6፣ ረቡዕ። ቀኑን ያየሁት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የወረቀት ካላንደር ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

የበዓል ዋዜማ ላይ ከባሕር ዳር መናኸሪያ የጎንደር ሚኒባስ መሳፈር ራሱ ቴስት ፕላን ይፈልጋል። ታሪፉ የትናንቱ አይደለም፣ ወንበሩ ለሦስት ተብሎ ለአምስት ነው። ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ፣ የታተመውን ዕቅድ ላፕቶፑ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያሉት እናት «ልጄ፣ እስከ ወረታ ብቻ» ብለው አንድ እግሩ የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ እላዩ ላይ አስቀመጡልኝ። ሐሙሲት ሳንደርስ ዶሮው ሽፋኑ ላይ አስተያየቱን አሰፈረ። እስከ ዛሬ ሰነዱን አንብቦ አስተያየት የሰጠኝ እሱ ብቻ ነው።

ከወረታ በኋላ የፎገራ ሜዳ ሩዙን ታቅፎ ውኃ ላይ ተኝቷል። አዲስ ዘመን ከተማን አልፈን ወደ እንፍራንዝ ስንቃረብ የጉዛራ ቤተ መንግሥት ከኮረብታው ላይ ታየ። ጉዛራን አፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት ይነገራል፤ እሳቸው የነገሡት ከ1563 እስከ 1597 እ.ኤ.አ. ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ ወዲህ በ1636 እ.ኤ.አ. ነውና፣ የጎንደር ግንቦች ሪሊዝ ከመሆናቸው በፊት የተሞከሩት እዚህ ነው ማለት ይቻላል። እንዲህ እያልኩ ለራሴ ስቄ ከሚኒባሱ ወረድኩ። የሳቅሁት እዚያ ድረስ ነው።

ቢሮው ውስጥ መብራት የለም። እስኪመጣ ቡና ተጠጣ። አምስት ሰዓት ገደማ መጣ፤ ገንዘብ ያዧ ሲስተሙን ከፈተች። በረንዳው ላይ አንድ ጥምጥም ያሰሩ መሪጌታ፣ የማኅበሩ አባል፣ ሁለት መቶ ብር ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ። የመጀመሪያው እውነተኛ ደንበኛ እሳቸው እንዲሆኑ ተስማማን። ገንዘብ ያዧ ስማቸውን ፈልጋ በአንድ ጊዜ አገኘች፤ እኔ ደረቴ ተነፋ። ብሩን አስገባች፤ ደረሰኝ ወጣ። መሪጌታ መነጽራቸውን አወጡና ደረሰኙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግተው አነበቡ።

«ልጄ፣ ይህ መስከረም 1 ቀን 2012 ይላል።»

«የኔታ፣ ኮምፒውተሩ ነው ያወጣው፤ አይሳሳትም» አልኩ። አዎ፣ ብያለሁ።

«ዛሬ እኮ ጳጉሜን ስድስት ነው። እኔ ሳልበላው ዘመን ያሻገረኝ ማን ነው?»

ከዚያ የደረሰኙን ጀርባ ገልብጠው እስክሪብቶ ለመኑኝ። 5,500 ላይ 2011ን ደመሩ፤ 7,511። ለአራት ሲያካፍሉት 3 ተረፈ። «አንድ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ። ዘመነ ሉቃስ ነው፤ በሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች።» እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። እሳቸው አልጨረሱም። ለሚመጣው ዓመት 7,512 ጻፉ፤ አራተኛ እጁን፣ 1,878ን፣ ጨመሩበት፤ 9,390 ሆነ። በሰባት ገደፉት፤ 3 ቀረ። «አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ። እንቁጣጣሽ ሐሙስ ነው። ያንተ ማሽን ረቡዕ አድርጎታል። በጾም ቀን ዶሮ ልታስበላን ነው?»

በረንዳው በሳቅ ተናጋ።

ማታ ኮዱን ስንከፍተው ያ «በደንብ የሚሠራው» መቁጠሪያ መስከረም 1ን ከፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ጋር በሚስማር መትቶታል። ይህ ከአራት ዓመት ሦስቱን እውነት ነው። የእኛ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ግን ጳጉሜን አንድ ቀን ስለምትጨምር አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ ይገባል። እኛ ስንፈትን የከረምነው በሐምሌና በነሐሴ ቀኖች ነው፤ ስሕተቱ የሚገኝበት ቀን አልነበረም። ባይያዝ ኖሮ 2012ን ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን ቀድሞ ይጓዝ፣ የእያንዳንዱን ገበሬ ብድርም አንድ ቀን ያዛባ ነበር።

እንዲህ ያለ ስሕተት በሌሎችም ደርሷል። አውሮፓውያኑ አሪያን 5 ያሏትን ሮኬት እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1996 ሲያስወነጭፉ 40 ሰከንድ ሳትሞላ የተበታተነችው ከአሪያን 4 የተወሰደ፣ እዚያ በደንብ ይሠራ የነበረ የሶፍትዌር ክፍል በአዲሲቱ አበራረር ስላልተፈተነ ነው። ይህን ታሪክ ተማሪ ሳለሁ ለፈተና አጥንቼ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። «የማይፈተኑ» የሚለውን ምዕራፍ ስጽፍ ግን ትዝ አላለኝም።

ሪሊዙ ሁለት ሳምንት ተገፋ። አለቃዬ የመሪጌታን ስሌት የያዘችውን ደረሰኝ ከቴስት ኬዞቹ ጋር አያይዛት አለኝ፤ አያያዝኳት። «የማይፈተኑ» የሚለው ምዕራፍም ከገጽ 31 ወደ ገጽ 1 ተዛወረ፤ አለቃ የሚያነበው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነውና።

ቀጣዩ ጳጉሜን 6 የሚውለው በ2019 ዓ.ም. ነው። ቀን የሚቆጥር ሲስተም በእጃችሁ ያለ፣ ሰዓቱን ዛሬውኑ ወደዚያ ቀን አሻግሩትና ደረሰኝ አስወጡት።