የዶራሌ ወደብ ሰዋስው



እንግሊዝኛ ግሱን አያቆይም። አማርኛ «ሾፌሩ ኮንቴይነሩን ጫነ» ብሎ ግሱን መጨረሻ ላይ ያመጣል፤ እንግሊዝኛ ግን «ዘ ድራይቨር ሎደድ ዘ ኮንቴይነር» ብሎ መሃል ላይ ይሰካዋል። አማርኛ ተናጋሪ የሰሚውን ፊት እያየ በመጨረሻዋ ቅጽበት «ጫነ»ን «አልጫነም» ማድረግ ይችላል። በእንግሊዝኛ ይህ መብት የለም።

አሉታውም ጣጣ አለው። «ዲድ ኖት» ከገባ ኃላፊ ጊዜውን «ዲድ» ስለሚሸከም ግሱ ባዶውን «ሎድ» ይሆናል፤ «ዲድ ኖት ሎደድ» ማለት አንዱን ጭነት ሁለት ጊዜ ማስመዝገብ ነው። ቁጥር ሲጠራ ደግሞ አማርኛ «ሦስት ኮንቴይነር» ብሎ ያልፋል፣ እንግሊዝኛ ሦስት መባሉ አልበቃ ብሎት «ስ» ያስጨምራል። ይህችው «ስ» በ«ሂ ድራይቭስ» ላይም አለች። ይነዳል፣ ትነዳለች፣ ይነዳሉ እያለ ግሱን ለወንድ፣ ለሴትና ለአንቱታ የሚያረባ ሰው ይህችን አንዲት ፊደል መርሳቱ ይገርማል። አንቱታ በበኩሉ እንግሊዝኛ ውስጥ የለም፤ ሽማግሌውም ጎረምሳውም «ዩ» ነው። እናት ብትሰማ ልጇ ባለጌ ሆነ ትላለች።

ጅቡቲ፣ ዶራሌ ወደብ ላይ ከሁሉ የሚብሰው ግን የአሉታ ጥያቄ ነው። የአገሪቱ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ እንግሊዝኛ በብዛት የሚሰማው ወደቡና የአሜሪካ ጦር ሰፈር የሆነው ካምፕ ሌሞኒየር አካባቢ ነው። በር ላይ ያለው ሰው «ዶንት ዩ ሃቭ ዘ ፔፐር?» ሲል፣ ወረቀት የሌለው የኢትዮጵያ ሾፌር «የስ» ይላል። በአማርኛ «የለህም?» ሲባል «አዎ» ማለት «ልክ ነህ፣ የለኝም» ነው። በእንግሊዝኛ ግን «የስ» ካለ ወረቀቱ አለው፤ ጠባቂውም እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ ሾፌሩም ምን ፈልጎ ነው ብሎ ያየዋል፣ ከኋላ የቆመው መኪና ጥሩምባ ይነፋል። ደንቡ መልሱ ለጠያቂው ሳይሆን ለግሱ እንዲታዘዝ ነው፦ ከሌለ «ኖ፣ አይ ዶንት»፣ ካለ «የስ፣ አይ ዱ»። ፈረንሳይኛ ለአሉታ ጥያቄ «የለም አለ» የሚያሰኝ «ሲ» የምትባል የተለየች ቃል አላት፤ እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ እርዳታ አይሰጥም።

የቀረው «ሃቭ» ነው። «ጭኛለሁ» ለማለት «አይ ሃቭ ሎደድ» ይበቃል፣ «የስተርደይ» ከተጨመረ ግን «ሃቭ» መውጣት አለበት፤ እንግሊዝኛ ቀኑ የተጠራን ኃላፊ ድርጊት በ«ሃቭ» አያስኬድም። አማርኛ «ትናንት ጭኛለሁ»ን ይፈቅዳል። ፈረንሳይኛም ከዚያው ረዳት ግስ ጋር ትናንትን አይከለክልም። ስለዚህ በፈረንሳይኛ የተማረ የጅቡቲ ጸሐፊና የወሎ ሾፌር «አይ ሃቭ ሎደድ የስተርደይ» ሲባባሉ በደንብ ይግባባሉ፤ ግራ የሚገባው አጠገባቸው የቆመው እንግሊዛዊ ነው።