ቁልቁለት ብድር ነው

መኪናዋን በገዛሁ በሳምንቱ ከደሴ ኮምቦልቻ ወረድኩባት። ስነሳ የባትሪዋ ሰሌዳ 71 በመቶ ይላል። የጦሳን ተራራ ወደ ኋላ ትቼ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዝዤ፣ የቦርከናን ሜዳ ከላይ አይቼ ኮምቦልቻ ስገባ አሁንም 71። 25 ኪሎሜትር ሄጃለሁ፤ ከኪሴ የወጣ ነገር የለም። ደስታዬን ለብቻዬ መቻል ስላቃተኝ ለአጎቴ ደወልኩ። ጋሼ ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ላይ የጨረሱ የተሳቢ ሹፌር ናቸው፤ ያለ ነዳጅ የሚሄድ ነገር ሲባል የሚመጣላቸው በቅሎ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ 71 ይዤ ወጥቼ 71 ይዤ ገባሁ!»

ትንሽ ዝም አሉ። «ታዲያ ኪሎሜትሩን ማን ከፈለው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። መልሱን ያገኘሁት ማታ ስመለስ ነው። ያው 25 ኪሎሜትር፣ ያው አስፋልት፣ ያው እኔ። ደሴ ስደርስ ሰሌዳው 57 ይላል።

ነገሩ ምሥጢር የለውም። የኤሌክትሪክ መኪና ስትነዱ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ ካነሳችሁ (ነዳጅ የሌለው ነዳጅ መስጫ! ስም የሚያወጣለት እስካሁን አልተገኘም) ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል፤ ሞተሩም ዲናሞ ይሆንና ባትሪውን ይመግባል። የድሮ ሹፌር ሐረጎ ላይ የፍሬን ሸራው እስኪሸት ድረስ ለነፋስ የሚበትነውን ጉልበት፣ የእኔዋ ሰብስባ ጓዳዋ ታስገባለች። ችግሩ ቤቴ ደሴ መሆኑ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተሰቀለች ከተማ ናት። ወደ ምሥራቅ የወጣ ሁሉ ይወርዳል፤ የወረደ ሁሉ ደግሞ ማታ ራቱ ደሴ ከሆነ መውጣቱ አይቀርም።

መኪናዋን የገዛሁት የአየር ንብረት አሳስቦኝ ነው ብል እዋሻለሁ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ ሲከለከል ምርጫዬ ሁለት ሆነ፦ ነዳጅ የሚጠጣ አሮጌ ወይም መብራት የምትጠጣ አዲስ። አዲሷን ወሰድኩ። ደግሞም ኩራቱ አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ 5,150 ሜጋዋት የሚለውን ቁጥር እንደ እኔ በጉጉት የሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ግማሹን ለእኔ ያስቀመጡልኝ ነበር የመሰለኝ። ቢያንስ የጎረቤት መብት አለኝ። ከደሴ በስተ ምዕራብ የሚዘንበው ዝናብ በሽሎን ይዞ ዓባይ ይገባል፤ በስተ ምሥራቅ የሚዘንበው በቦርከና አዋሽ ገብቶ አፋር በረሃ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። የምዕራቡ ዝናብ ድንበር ሳይሻገር ተርባይን አዙሮ፣ በሽቦ ተመልሶ ሶኬቴ ድረስ ይመጣል። እንግዲህ እኔ የምዕራቡን ዝናብ ጠጥቼ፣ የምሥራቁን ዝናብ ተከትዬ አፋር፣ ሚሌ ድረስ ልወርድ አሰብኩ።

ሚሌን የመረጡት ጋሼ ናቸው። «ከመሞቴ በፊት እዚያ አንድ ሻይ ልጠጣ» አሉ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ሰኔ ላይ ለመውረድ የሚያስብ ሰው የሚያስፈልገው ቻርጀር ሳይሆን ጸበል ወይም ዱአ ነው።

ባንክ የሚሠራ ጓደኛዬ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ሰንጠረዥ ሠራ፤ ለሰንጠረዡ ቀለም ቀባለት። ከደሴ በኮምቦልቻና በባቲ ሚሌ 155 ኪሎሜትር ገደማ። ባትሪው 50 ኪሎዋት ሰዓት፤ ያው ቤት ቆጣሪ ላይ የምናነበው ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው። ፋብሪካው በአንድ ሙሉ ቻርጅ 400 ኪሎሜትር ትሄዳለች ይላል። ደርሶ መልስ 310። «90 ኪሎሜትር ይተርፈናል» አለና ላፕቶፑን ዘጋ። በተረፈው የት የት እንደምንዞርበት ስናወራ አመሸን። ፋብሪካው ሐረጎን እንደማያውቅ ያስታወሰ አልነበረም።

ለልምምድ አንድ ሰኞ ባቲ ወረድን። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው፤ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት፣ ግመልና ጨው የሚሸጥበት። ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶቻችን አንዱ በስሟ የሚጠራላት ከተማ ናትና፣ መኪናዬም በክብር ትገባለች ብዬ ነበር። ግመል ተራው አጠገብ አቆምኳት። አንድ የአፋር ሽማግሌ፣ ዱላቸውን በትከሻቸው አግድመው መጡና ዞሯት። ዝቅ ብለው ከሥር አዩ። ጭስ መውጫ የላትም። የግመል ደላላው አስተርጓሚ ሆነ።

«ምን ትበላለች?»

«መብራት።»

«ከባዶ እስክትጠግብ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ከቤት ሶኬት ከሆነ በሰዓት ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው የምትስበው፤ 50 ለሁለት። «25 ሰዓት» አልኩ፤ ድምፄን ቀነስ አድርጌ።

ሽማግሌው ወደ ግመሎቻቸው ዞረው አዩ። የተጠማ ግመል በሩብ ሰዓት ውስጥ 100 ሊትር ያህል ውኃ ጠጥቶ፣ ከዚያ ለቀናት ጨው ተሸክሞ የሚሄድ ፍጥረት ነው። በፈጣን ቻርጀር እኛ ዛሬ የምንመጻደቀውን እሱ ከጥንት ጀምሮ ሲያደርገው ኖሯል። ከዚያ ሽማግሌው በተከፈተው ኮፈን ውስጥ የተጠቀለለውን የቻርጅ ገመድ አዩ። በዱላቸው ነካ አደረጉትና አንድ ነገር ተናገሩ። ደላላው መጀመሪያ ራሱ ስቆ ጨረሰ፤ ከዚያ ተረጎመልኝ፦

«ገና ጡት አልጣለችም፤ እንዲህ ያለችውን በረሃ አታውርዳት ነው የሚሉህ።»

ጡት ያልጣለችውን ይዤ ደሴ ስመለስ ጋሼ ቡና ላይ ነበሩ። የጓደኛዬን ሰንጠረዥ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ቀለሙ ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ከራሱ ጀመረ። በረሃ የሚታቀደው ከመመለሻው ነው።»

«እንዴት ጋሼ?»

«እኛ በኤንትሬ የጭነት መኪና አሰብ ስንወርድ ባዶ ነን፤ ስንወጣ ነው የምንጫነው። መውረድማ ማንም ይወርዳል፤ ድንጋይም ይወርዳል። ሹፌር የሚባለው ባቲን ሽቅብ ሲይዝ ነው የሚታወቀው። ውኃህን፣ ጎማህን፣ ነዳጅህን የምትቆጥረው ከደሴ ወደ ሚሌ ሳይሆን ከሚሌ ወደ ደሴ ነው።»

ያ መንገድ ጣልያን በወረራው ዘመን ለአሰብ ወደብ ብሎ የሠራው ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተጀምሮ አሰብ እስኪዘጋ ድረስ የአገሩ ስንዴና ነዳጅ በዚያ ሽቅብ ሲጎተት ኖሯል፤ ከዚያ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ከጅቡቲ የሚመጣው በሚሌ በኩል ይወጣል። ለነገሩ የአገራችን የመጀመሪያው መኪናም የወጣው ከበረሃ ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነስቶ ለምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ በመንገዱ አንድም ማደያ አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ እኔም በዚያው ጥያቄ ላይ ነኝ፤ የተለወጠው አቅጣጫው ብቻ ነው።

ሰንጠረዡን ገለበጥነው። ከነተሳፋሪዎቿ ሁለት ቶን የምትመዝን መኪና ከሚሌ 500 ሜትር ገደማ ወደ ደሴ 2,500 ለማንሳት ብቻ 11 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ የሜዳው ወጪ ሳይቆጠር። ስትወርድ ከዚህ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ትመልሳለች፤ ስትወጣ ሙሉውን ከነወለዱ ትከፍላለች። ጓደኛዬ ባንክ ቤት ስለሚሠራ ወዲያው ገባው። «ቁልቁለት ስጦታ አይደለም፤ ብድር ነው» አለ። ማቀዝቀዣውንም ጨምረን ስንደምረው መውረጃው 21፣ መውጫው 38 መጣ። ድምሩ 59፤ ባትሪው 50። 90 ኪሎሜትር ተርፎን የነበረው ሰዎች ሐረጎ ላይ ቆመን ቀረን።

ስለዚህ ሶኬት ፍለጋ ተጀመረ። ጋሼ ከስልካቸው ውስጥ የድሮ ሹፌር አወጡ፤ እሱ ሌላ ሹፌር፤ ያኛው ደግሞ የመንገዱን ወሬ ሁሉ ነግሮን ሲያበቃ ሚሌ ያለች አንዲት የሻይ ቤት ባለቤት ስልክ ሰጠን። ደወልኩ።

«እትዬ፣ ሶኬት አለ?»

«አለ።»

«መብራትስ?»

«እሱም ይመጣል፤ እንግዳ እኮ ነው፣ መምጫውን አይናገርም።»

ወፍራም ኤክስቴንሽን ገዛን፤ ቀጭኑ ሌሊቱን ሲግል አድሮ ይቀልጣል። አርብ ጠዋት 100 በመቶ ይዘን ወጣን። ኮምቦልቻን ስናልፍ ጋሼ የባቡሩን ሽቦ በመስኮት አሳዩኝ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ሐዲድ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የተዘረጋ ነው። «ይኼም እንዳንተ ሶኬት ሲጠብቅ ነው» አሉ። ከባቲ በታች ጋቢው ወለቀ፣ ቀጥሎ ሹራቡ፣ ቀጥሎ ወሬው። ሚሌ ስንደርስ 58 በመቶ፤ ሰንጠረዡ በአንድም አልተሳሳተ። ጓደኛዬ የገዛ እጁን ጨበጠ።

ሻይ ቤቷ አንዲት ሶኬት አላት፤ ፍሪጁ ተሰክቶባታል። ባለቤቷ መኪናዬን አየች፣ ፍሪጁን አየች። «ፍሪጁን ከነቀልኩት በዚህ ሙቀት ትኩስ ኮካ ለማን ልሸጥ ነው?» አለች። ክርክሩ ረዘመ። ጋሼ ገቡበት። የሟች አባቷን ስም ጠየቋት፤ ነገረቻቸው። ሰውየው ለካ ጋሼ የኤንትሬያቸው ጎማ ፈንድቶ ሦስት ቀን እዚያ ሲቀሩ ያበሏቸው ኖረዋል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም፤ ለቅሶ ነው። ሲጨርሱ ውሉ ተፈረመ፦ ቀን የፍሪጁ፣ ሌሊት የእኛ።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ፍሪጁ ተነቀለና መኪናዋ ተሰካች። እኛ ውጭ፣ በጠፍር አልጋ ላይ፣ ከቦቴ ሹፌሮች ጎን ተኛን። አንዱ የቦቴ ሹፌር ገመዱን በባትሪ መብራት ተከትሎ ሻይ ቤቱ ድረስ ሄደና ተመለሰ። «እኔ 40 ሺህ ሊትር ተሸክሜ አልፍሃለሁ፤ አንተ በፍሪጅ ሶኬት…» ብሎ ሳይጨርሰው እንቅልፍ ወሰደው። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሰሌዳው 84 ነበር። እንግዳው ሌሊቱን ሙሉ ሳይሄድ አድሮልናል።

ሽቅቡ የዕዳ መክፈያ ነው። ማቀዝቀዣ ጠፋ፣ መስኮት ተከፈተ፣ ሬዲዮ እንኳ ተከለከለ፤ ጓደኛዬ የሬዲዮው ፍጆታ ኢምንት መሆኑን እያወቀ ነው የከለከለው። ባቲ፣ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ ሐረጎ። ቁጥሩ በየመታጠፊያው እየወረደ እኛ እየወጣን። ሐረጎ መሀል ላይ ሦስት ሰውና አንድ በግ የጫነ ባጃጅ አለፈን። ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ «አብሽሩ!» አለን። ጋሼ፣ በአሰብ መንገድ ማንም ቀድሟቸው የማያውቀው፣ ፎጣቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

ደጄ ስንደርስ 7 በመቶ። ጋሼ ሰሌዳውን ረዥም ጊዜ አዩት። «አሁን ገባኝ» አሉ፤ «ኪሎሜትሩን የሚከፍለው ሐረጎ ነው፤ ደረሰኙን ግን ማታ ነው የሚሰጥህ።»

ባለቤቴ በሩን ከፈተች። እንኳን ደህና መጣችሁ ሳትጨርስ፣ «ነገ ኮምቦልቻ ሰርግ አለብን፤ መኪናዋ ስንት ቀራት?» አለች።

«7።»

«ታዲያ ቁልቁለት አይደል? ይበቃታል!»

በልቤ አሰላሁት፤ 7 ይዤ ወጥቼ፣ 7 ይዤ ልገባ። አፌ «እሺ» ሊል ሲከፈት ጋሼ ከመኪናው ወርደው ነበር። ተመለሱ፤ ከኋላ ያለውን ወፍራም ኤክስቴንሽን አንስተው ባለቤቴ እጅ ላይ አስቀመጡት።

«ሂዱ ልጄ» አሏት፣ «ግን ሙሽሮቹን ከመመረቃችሁ በፊት ሶኬታቸው የት እንደሆነ እዩ።»