ድፍረት እያለ ሄልሜት ምን ይሠራል?

ሰፈራችን ውስጥ ባሕር ዛፍ ይቆረጣል ከተባለ የዚያን ቀን ቤቱ የሚቀመጥ ሰው የለም። የግቢው ባለቤት ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው በረንዳ ላይ ይሰየማሉ፤ ልጆች አጥር ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ቡና ይፈላል። ከዚያ ጎበዙ ከች ይላል። ቼንሶውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ፣ በሌላው እጁ ቤንዚንና ዘይት በዐይን መጠን የተደባለቀበት ሃይላንድ ይዞ፣ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ። የብዙዎቹ ማሽኖች መመሪያ ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ይላል። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ዐይናቸውን የማያምኑ ምስኪኖች መሆን አለባቸው።

አለባበሱን እዩልኝ። በሌላው ዓለም የሚሠራ ዛፍ ቆራጭ እንደ ሙሽራ ነው የሚለብሰው፤ ፊት መሸፈኛና የጆሮ መከላከያ ያለው ሄልሜት፣ ጓንት፣ ጣቱ ላይ ብረት ያለው ጫማ። ሱሪው ደግሞ የጉድ ነው። ውስጡ ረጃጅም ክር ታጭቆበታል፤ ሰንሰለቱ ድንገት ጭን ሲነካ ክሩ ተጎልጉሎ ይወጣና ጥርሱን ጠምጥሞ ማሽኑን ቀጥ ያደርገዋል። የእኛ ጎበዝ ሱሪ ውስጥ ያለው ወኔ ብቻ ነው። ወኔ ደግሞ ሰንሰለት ላይ አይጠመጠምም።

ሰንሰለቱ በሙሉ ጉልበቱ ሲዞር በሰከንድ 20 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሮጣል። በመኪና ቋንቋ ሲነገር በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው። ቀለበት መንገድ ላይ እንዲህ ከሚበር ሚኒባስ ፊት በነጠላ ጫማ የሚቆም ሰው ቢገኝ ጸበል እንወስደዋለን። ያንኑ ፍጥነት ጭኑ አጠገብ ይዞ ለሚቆመው ግን «ባለሙያ» የሚል ማዕረግ ሰጥተነዋል።

ማሽኑም ቢሆን ጠባይ አለው። ሰንሰለቱን የተሸከመው ብረት ጫፍ፣ በላይኛው ጠርዙ በኩል እንጨት ከነካ፣ ማሽኑ እንደተቆጣ ፈረስ ወደ ላይ ይዘላል፤ የሚዘለውም ወደ ያዘው ሰው ፊት ነው። ለዚህ ነው ሁለቱም እጅ፣ አውራ ጣትም ጭምር፣ እጀታውን ጨብጠው ይያዙ የሚባለው። ከፊተኛው እጀታ በፊት የቆመችው ፍሬንም ለዚሁ ቀን የተሠራች ናት። ጎበዛችን ግን ፍሬኗ «ሥራ ታስተጓጉላለች» ብሎ በሽቦ ጠፍሯታል። አሁን መሰላል ላይ ወጥቶ፣ በግራ እጁ ቅርንጫፍ አቅፎ፣ በቀኙ ብቻ ከትከሻው በላይ ይቆርጣል። ከታች ያለነው እናጨበጭባለን። ከመቆረጥ የተረፈ እጅ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ታሪክ ለሚወድ አንድ ነገር ልጨምር። የሰንሰለት መጋዝ ቅድመ አያት ከጫካ አልመጣም። በ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ሁለት የስኮትላንድ ሐኪሞች ምጥ ለጠናባት እናት አጥንት መቁረጫ ይሆናል ብለው ያበጁት፣ በእጅ የሚሳብ ትንሽ ጥርሳም ሰንሰለት ነበር። እንግዲህ ማሽኑ አልፎ አልፎ ወደ ትውልድ ሙያው ቢመለስ ምኑ ይደንቃል?

አወዳደቁም የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ዛፉ በሚወድቅበት በኩል አፍ ይከፈትለታል፤ ቀጥሎ ከኋላ ይቆረጥና መሐል ላይ እንደ በር ማጠፊያ የሚያገለግል ቀጭን እንጨት ይተርፋል። ዛፉን እየመራ የሚያስተኛው ያ የተረፈው ነው። ጎበዙ ግን ማስተረፍ አይወድም፤ ዳር እስከ ዳር ይሸልተውና «እግዜር ወደፈቀደበት» ይላል። ከሠራተኛው በቀር ማንም ሰው የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ይራቅ የሚባል ደንብም አለ። 20 ሜትር ለሆነ ባሕር ዛፍ 40 ሜትር መሆኑ ነው፤ በእኛ ሰፈር ይህ ማለት ሦስት ግቢ፣ አንድ ሱቅና አንድ ፑል ቤት ነው። ማን ይነሣል? ሁሉም ባለበት ሆኖ «ወደ ግራ! ወደ ግራ!» እያለ መሐንዲስ ይሆናል። አራት ወጣቶች ዛፉን ወደ ራሳቸው በገመድ ይስባሉ። ገመዱ 10 ሜትር፣ ዛፉ 20 ሜትር፤ ሒሳቡን ለዛፉ ትተውለታል።

ጎበዙ «ተው!» ቢባል አይሰማም። ትዕቢት እንዳይመስላችሁ። ሞተሩ ከ100 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል፤ ቀኑን ሙሉ 85 የሚሰማ ጆሮ እንኳ ውሎ አድሮ ይጎዳል። ይህም ጥቅም አለው፤ ጋሼ መጨረሻ ላይ ዋጋ ሲቀንሱበት ሳይሰማ «እሺ» ይላል።

ለመሆኑ ሄልሜቱን ማን ይግዛ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ ያቅርብ፣ አጠቃቀሙንም ያሳየው ይላል። ጋሼ ግን አሠሪ አይደሉም። «በኮንትራት ነው የሰጠሁት፤ የምከፍለው ለዛፍ እንጂ ለልብስ አይደለም» ይላሉ። በሄልሜት ፈንታ የሚሰጡት ከሱቅ የማይገዛ ነገር ነው። «አይዞህ፣ አንተ እኮ ጀግና ነህ!» ይሉታል። ልብ በሉ፣ ጋሼ ይህን ቃል ለራሳቸው ተጠቅመውበት አያውቁም። መሰላሉ ላይ አልወጡም፤ የልጃቸውንም እጅ ይዘው በረንዳው ላይ ነው ያስቀመጡት። ጀግንነት በነጻ የሚታደል የሥራ ልብስ ነው፤ የሚያድለው ደግሞ ራሱ አይለብሰውም።

አንድ ቀን ጎበዙ የወደቀ እንደሆነስ? የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። «ወትሮም ችኩል ነበር» ይላል አጨብጫቢው። «ነግሬው ነበር» ይላሉ ጋሼ። ግን ክፉዎች አይደለንም። ለሄልሜት አምስት ሳንቲም ያላዋጣው ሰፈር ለሆስፒታል ያዋጣል፤ ከዚያም ከከፋ እድሩ አለ። የእድሩ ስቶር ውስጥ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው ተቆጥሮ ተቀምጧል፤ ሄልሜት ብቻ የለም። ሄልሜት እኮ ልኬት አለው፤ ለአንዱ ይጠበዋል፣ ለአንዱ ይሰፋዋል። ድንኳን ግን ለሁሉም ልክ ነው።