ዙፋኑ ሲንገዳገድ ማን ያዘው?

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብለህ ወሬውን ልትቋጨው ነው? ቆይ ወንድሜ፣ አትቸኩል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ ግብፅ ውስጥ ያለቀው ወንዱ ነው። የደቡቧ የቴብስ ንጉሥ ሴቀነንሬ ታኦ፣ ሰሜኑን ከያዙት ከሂክሶሶች ጋር ጦርነት በተገጠመበት ዘመን ተገደለ፤ የመጥረቢያው ቁስል ዛሬም የደረቀ ሬሳው ጭንቅላት ላይ ይታያል። ተከታዩ ካሞሴ ዘመቻውን ገፋ፤ ብዙም ሳይቆይ እሱም አለፈ። ዙፋኑ ለልጅ እግሩ አህሞሴ ተረፈ። አገሩን ማን ያዘው ታዲያ? እናቱ አህሆቴፕ!

«የእናት ነገር፣ ልጇን አባብላ ይሆናላ» አልክ? ልጇ ራሱ ይመልስልህ። አህሞሴ ካደገ በኋላ ካርናክ ላይ ባቆመው ጽሑፍ እናቱን ሲያመሰግን ስለ መልኳ አላወራም። ወታደሩን ተንከባከበች፣ የሸሸውን መለሰች፣ የከዳውን ሰበሰበች፣ ላይኛውን ግብፅ አረጋጋች፣ አመፀኛውን አባረረች ነው ያለው። «ሴት የላከው ሞት አይፈራም» የሚለውን ተረትስ ረሳኸው? ልጇ ሂክሶሶችን ያስወጣው እሷ እንዳይበተን በያዘችው ሠራዊት ነው። በ1859 እ.ኤ.አ. አህሆቴፕ የሚል ስም በተጻፈበት የንግሥት ሬሳ ሣጥን ውስጥ ጩቤና መጥረቢያ፣ ከነሱም ጋር ሦስት የወርቅ ዝንቦች ተገኝተዋል። የወርቅ ዝንብ በዚያ ዘመን ለጀግና ተዋጊ የሚሰጥ ሽልማት ነው። በል እንግዲህ፣ ማባበያ ነው በለኝ።

«እሷማ ንግሥት ናት፤ ተራዋ ሴትስ?» መልካም ጥያቄ ነው፣ መልሱ ደግሞ ይብሳል። ከአህሆቴፕ ብዙ ዘመን በኋላ የኖረችውን ናውናኽቴን ተዋወቃት። የምትኖረው የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉት ሠራተኞች መንደር፣ ዴር ኤል መዲና ውስጥ ነው። ዘመኑ ክፉ ነው፤ ከአሥራ ጥቂት ዓመታት በፊት የመንደሩ ሠራተኞች ቀለባቸው ስለዘገየባቸው መሣሪያቸውን ጥለው ሥራ አቁመዋል። በራምሴስ አምስተኛ 3ኛ የንግሥና ዓመት ይህች አሮጊት የመንደሩ ሸንጎ ፊት ቆመች። 8 ልጆች አሳድጋለች፤ አንዳንዶቹ በእርጅናዋ አልጦሯትም። ነፃ ሴት መሆኗን ተናግራ፣ ያልጦሯትን ከራሷ ድርሻ ነቀለቻቸው። የጦራትን ልጇን ደግሞ ከድርሻው በላይ የነሐስ ሳህን ጨመረችለት። ጸሐፊው ጻፈ፣ ምስክሮች ቆሙ፣ ሸንጎው ተቀበለ። መንግሥት ሲንቀጠቀጥ የእሷ ቃል አልተንቀጠቀጠም!

«ግርግሩ ነው ዕድል የሰጣቸው» ትላለህ አሁን ደግሞ። እዚህ ጋ በደንብ ስማኝ። ግርግር ለማንም ሥልጣን አይሰጥም፤ ያለህን ያወጣዋል፣ የሌለህን ያጋልጠዋል። የግብፅ ሴት በሰላሙ ቀን ትወርስ ነበር፤ ትገዛለች፣ ትሸጣለች፣ ትከሳለች፣ ትመሰክራለች፣ ትፈታለች። በጋብቻ ከፈራው ንብረት በተለመደው አሠራር አንድ ሦስተኛው የእሷ ነው። የመንግሥት ሹመቱ በአብዛኛው የወንዶች እንደነበር አልክድህም። ቤቱ፣ መሬቱና ሸንጎው ግን የእሷም ነበር፤ ችግር ሲመጣ የቆመችው በዚያ ላይ ነው።

«ሴት ቤተ መንግሥት ስትገባ ሴራ ይበዛል» አልክ? ገባኝ፣ ቲዬን ልታነሳብኝ ነው። አዎ፣ የንጉሥ ራምሴስ ሣልሳዊ ሚስት ቲዬ ልጇን ጴንታዌሬን ለማንገሥ አሲራለች፤ ንጉሡም ጉሮሮው መቆረጡን የሬሳው ምርመራ አሳይቷል። የተከሳሾቹን ስም ዝርዝር ግን አንብበኸው ታውቃለህ? አሳላፊው፣ ጸሐፊው፣ የጦር አዛዡ፣ አብዛኞቹ ወንዶች! ከዳኞቹ ሳይቀር ከተከሳሾቹ ሴቶች ጋር ሲጠጡ ተገኝተው አፍንጫና ጆሯቸው የተቆረጠባቸው አሉ። ሴራው የጋራ ከሆነ ስሙን ለምን ለሴቷ ብቻ ታወርሳለህ?

«ሰላም ያመጣች ሴት ጥቀስልኝ።» በደስታ! ከክርስቶስ ልደት በፊት በ663 አሦራውያን ቴብስን ዘረፏት። ሰሜኑን ንጉሥ ፕሳምቲክ ያዘ፤ ቴብስ ግን ዘመኗን የምትቆጥረው ገና በኩሹ ንጉሥ ስም ነበር። የቴብስ ትልቋ ሴት፣ «የአምላክ የአሙን ሚስት» የሚባለውን ሹመት የያዘችው፣ የኩሹ ንጉሥ የፒዬ ልጅ ሼፔንዌፔት ናት። ሰፊ መሬትና የራሷ ሹማምንት ነበሯት። በ656 ፕሳምቲክ ልጁን ኒቶክሪስን በመርከብ ላከ፤ ሼፔንዌፔት የጉዲፈቻ ልጅ አድርጋ ተቀበለቻት። የነበረችው ወራሽም ከቦታዋ አልተነቀለችም። ደቡብና ሰሜን የተገናኙት በሁለት ሴቶች ውል ነው፤ ኒቶክሪስም በዚያ ወንበር ከ60 ዓመት በላይ ቆየች።

«ታዲያ ለምን ስማቸው አልተነገረንም?» ተፍቆ ነዋ! ሃትሼፕሱት 20 ዓመት ያህል ነገሠች፣ ወደ ፑንት ምድር መርከብ ላከች፣ የዴር ኤል ባህሪን ቤተ መቅደስ አሠራች። ከሞተች ከ20 ዓመት በኋላ፣ አገሩ ሰላም ሆኖ ሳለ፣ ስሟንና ምስሏን በመሮ አስፋቁት። ትንሽ ብትሆን ኖሮ ማን መሮ ያነሳባት ነበር?

ስለዚህ ወንድሜ፣ «በክፉ ቀን ሴት ትታደገናለች» እያልክ አታሞግሳት። በደጉ ቀን መሬቷን አትውሰድባት፣ ፊርማዋን አትናቅ፣ ፍርድ ቤት ስትቆም ቃሏን አትቁረጥባት። አህሆቴፕን የምትመኝ አገር ናውናኽቴን መስማት አለባት።